ማንሶክ የመበለቲቱን መከለያ በእጁ ሥሎ እንደ መለሰ

በዘመነ ውርጭ፣ ፒዮ ማንሶክ በጎመን ማሳው ላይ በነገሠበት ወራት፣ በጋንግወን ተራራ ብርድ ጸና። ጥቅል ጎመኑ ማሳ ላይ እንዳለ በረዶ ሆነ። ዶሮዎች ሞቱ። የተረፈው ጎመን በማንሶክ ጎተራ ያለው ብቻ ነበር፤ የጎተራውንም በር ነፋስ ገነጠለው።

ያን ጊዜ ማንሶክ፣ የጎመን ባላባት፣ የአካፋ ጌታ፣ ለአባቱ ሙት ዓመት ከጎረቤቱ ከመበለቲቱ ከወይዘሮ ኩ ቡንሱን የተዋሰውን፣ ከሙታን ገበታ ኋላ የሚዘረጋውን ተጣጣፊ የወረቀት መከለያ በነፋሱ ፊት አቆመ፤ ጎመኑም ዳነ፤ መከለያው ግን ተቀዳዶ ወደቀ። መበለቲቱም በመንደሩ ፊት አዋጅ ነገረች፦ «ስማ አንተ ማንሶክ! ያንን መከለያ አማቴ በእጃቸው ነው የሠሩት። የሱቅ ዕቃ ይዘህብኝ እንዳትመጣ! በእጅህ አጠፋህ፣ በእጅህ ትመልሳለህ። እስከዚያ ደጄን እንዳትረግጥ!»

ከዚያም ወዲህ የባሏን ሙት ዓመት በተሰቀለ አንሶላ ፊት ታወጣ ነበር፤ ማንሶክም፣ የሟቹ አብሮ አደግ ሳለ፣ ከአጥር ውጭ ቆሞ ሰገደ።

ወእምዝ በአንደኛው ዘመነ ብሩሽ ጀግናው ሥዕል ወደምታስተምር ወደ መምህርት ሆ ዘመተ። ውሻው በፊቱ ሄደ፤ ሚስቱ ማልጃ የቀለም መፍጫውን ድንጋይ ተሸክማ እያጉረመረመች ተከተለች። ለምን እንደሚሥል ለማንም አልተናገረም፤ ታላላቆች ምክራቸውን ይሰውራሉና። ቀርከሃ ሣለ፤ ጎመን ሆነ። ሽመላ ሣለ፤ ክንፍ ያለው ጎመን ሆነ። መምህርቷም በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት አወጀች፦ «አባባ ማንሶክ፣ በጎመን እርስዎን የሚያህል የለም! ግን እባክዎን ብሩሹን እንደ አካፋ አይጨብጡት፤ ወረቀት አይታረስም!» ማልጃም በበኩሏ አወጀች፦ «ቀለም ያልነካው ልብስ ቤቴ ውስጥ አልቀረም! እኔ ገበሬ ነው ያገባሁት!»

እርሱ ግን አላፈገፈገም። በሦስተኛው ዘመነ ብሩሽ ፒዮኒ የሚባለው ትልቁ ቀይ አበባ፣ በቅጠሉ ድርብርብነት ከጎመን ይዛመዳልና፣ ለእጁ ታዘዘ። ማንሶክም ጎተራው ውስጥ ተዘግቶ እንጨት ጠረበ፣ ወረቀት ወጠረ፣ መከለያውን ከዳር እስከ ዳር በአበባ ሞላ፤ በራሱም እጅግ ተደነቀ።

በሟቹም መታሰቢያ ቀን በእንግዶቹ መካከል አልፎ ገባ፤ ለሟቹ ከተደረደረው ገበታ ኋላ መከለያውን ዘረጋ። እንግዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ በዚያ አገር ቀይ ፒዮኒ የሙሽሮች ነውና። የቀድሞው መከለያ በአንድ ፊቱ ለሠርግ አበባ፣ በሌላው ፊቱ ለሙታን ጥቁር ጽሕፈት ነበረበት፤ ጀግናው ግን አበባውን ብቻ አስታወሰ። መበለቲቱም አወጀች፦ «ምነው ማንሶክ! የሞተ ባሌን ልትድርብኝ ነው?»

እንግዶቹ ሳቃቸውን ዋጡ። የጎመን ባላባት ደጃፍ ላይ ያወለቀውን ጫማ በዓይኑ ፈለገ።

እርሷ ግን የመከለያውን ጫፍ ይዛ አዞረችው። ጀርባው ነጭ ነበር፤ ብሩሽ አልነካውም። ብዙ አየችው። ዳግመኛም አወጀች፦ «የኔ ሰውዬ እንደሆነ ፊደል አይለይም ነበር። ነጩ ይበቃዋል። በል፣ ለጓደኛህ ስገድ።»

ማንሶክም በነጩ ወረቀት ፊት በግንባሩ ወደቀ፤ ቶሎም አልተነሣም። ከነገሥታት ወገን ባልዘመተበት በኩል ድል ያደረገ ማን ነው? ክብር ለማንሶክ፣ ለሠዓልያን አለቃ፤ ከሥራው ሁሉ ያማረው ያልነካው ነውና፣ የዘመናት ዕዳውንም በእርሱ ከፈለ።