«ንጹሕ» የተለጠፈባት ላፕቶፕ

ይህን ነገር ለማውራት በመነሣቴ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይቅርታ የምጠይቀው ጨዋታው ስለሚያስነውር አይደለም፤ ነውሩ የገዛ ራሴ ሆኖ ሳለ ጨዋታ ላደርገው ስለተነሣሁ ነው።

ለመሆኑ ሰው ሹመት ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያምረው ምንድን ነው? ወንበር የሚል አለ፤ መኪና የሚል አለ። እኔ በር ነው ባይ ነኝ። በር ላይ ቆሞ «አንተ ግባ፣ አንቺ ቆይ» ማለትን የሚያህል ደስታ የለም። የሠርግ ድንኳን በር የተሰጠው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ትናንት አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ምስኪን ነበር፤ ዛሬ የገዛ አጎቱን አቁሞ «በማን በኩል ነው የተጠሩት?» ይላል።

ለእኔም በር ተሰጠኝ። የማይታይ በር ነው፤ ቢሆንም በር ነው። መንዝ ውስጥ ባለች አንዲት ኮሌጅ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ስሟን ተዉት፤ እሷ ምን አጠፋች? ዘንድሮ ጥቅምት ላይ አንድ ትእዛዝ ወጣ፤ ተማሪ ሁሉ የግል ኮምፒውተሩን ሳያስፈትሽ የግቢውን ዋይፋይ እንዳያገኝ። ቫይረስ እንደሌለበት ይረጋገጥ፣ የይለፍ ቃል ይኑረው፣ ከዚያ ይግባ። ትእዛዙ ደግ ነበር፤ አሁንም ደግ ነው እላለሁ። ጉድለቱ የፈታሹ ነው።

ጠረጴዛዬን ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ አወጣሁ፤ በእኛ አገር ብርድ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የሚፈትሽ ሰው ጣቱን አያገኘውም። «ንጹሕ» የሚል ወረቀት አሳትሜ፣ ማኅተም መትቼ፣ በመቀስ ቆራርጬ ደረደርኩ። ዋናው መሣሪያዬ ግን አንዲት ፍላሽ ነበረች። የጸረ ቫይረሱን ፕሮግራም የያዘችው እሷ ስለሆነች «ሐኪሟ» ብዬ ሰይሜአታለሁ። ሐኪሟን እሰካለሁ፤ ትመረምራለች፤ እነቅላለሁ፤ «ንጹሕ» እለጥፋለሁ፤ «ቀጣይ» እላለሁ። ፊቴን ያየ ሰው ጳጳስ የሚባርክ ይመስለው ነበር።

በሁለተኛው ቀን ስንዱ የምትባል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ከአባቷ ጋር መጣች። አባቷ ጋሽ አጥናፌ ከቀየት ወዲያ ገብስ የሚያርሱ፣ በግ የሚያረቡ ሰው ናቸው። ላፕቶፗን በበርኖሳቸው ጠቅልለው ታቅፈዋታል፤ እሳቸው በነጠላ ሸሚዝ ይንቀጠቀጣሉ። ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጧት «ቀስ አድርገህ ያዛት ልጄ፤ አባቴ እዚህ ውስጥ አሉ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስንዱ የመመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራው ጓሳ የሚባለው የሣር ሜዳ በድሮ ጊዜ እንዴት ይጠበቅ እንደነበር ነው፤ ሜዳው ለዓመታት ተዘግቶ ሣሩ እስኪረዝም ማን ይጠብቀው እንደነበር፣ የተላለፈ ሰው ምን ይደርስበት እንደነበር። አያቷ በጉብዝናቸው ከጠባቂዎቹ አንዱ ነበሩ። ክረምቱን አጠገባቸው ተቀምጣ ሲያወሩ ድምፃቸውን ቀዳች፤ ስልኳ ሲሞላባት ወደ ላፕቶፗ አዛወረችው። ሽማግሌው መስቀል ሳይደርስ ዐረፉ። ድምፃቸው ያለው እዚያች ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነው። ጋሽ አጥናፌም ለሙት ዓመቱ ዘመድ ሲሰበሰብ ሊያሰሙት አስበዋል።

እኔ ፍተሻዬን ቀጠልኩ። ጋሽ አጥናፌ ፍላሿን ትኩር ብለው ሲያዩ ቆዩና፣ ይቺ ለሁሉም አንድ ናት ወይ ብለው ጠየቁኝ። አንድ ናት ጋሼ አልኳቸው፣ ኮራ ብዬ። ከዚያኛው ነቅለህ እዚህኛው ላይ? አዎ። «በመሀል አታጥባትም?» ሰልፉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም እንደ ሹም በስሱ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። አንድ ጊዜ መንደራቸው የመጣ ክትባት ሰጪ በአንድ መርፌ መንጋውን ሁሉ ወግቶ፣ የአንዷን በግ በሽታ ለሁሉም አዳርሶት እንደሄደ ነገሩኝ። «ከዚያ ወዲህ እኛ መርፌው ሲቀቀል ሳናይ አናስነካም» አሉ። እኔም በግና ኮምፒውተር ለየቅል መሆናቸውን በትዕግሥት አስረዳኋቸው። አራት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ተምሬ የለ? በአራቱ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ያለ ቁም ነገር የጠየቀኝ መምህር አልነበረም። ይህን ያወቅሁት ግን ኋላ ነው።

በሳምንቱ ግቢው ታመመ። «ንጹሕ» በተለጠፈባቸው ኮምፒውተሮች ላይ ፎልደሩ ሁሉ ትንሽ ቀስት እያበቀለ፣ ሲከፍቱት ባዶ ሆነ። የሚገርመው፣ ከፍተሻው የቀሩት ሰነፎች ኮምፒውተራቸው ደኅና ነው። ይህን አይቶ ወደ ልቡ የማይመለስ ሰው ይኖራል? ይኖራል፤ እኔ አለሁ። ሰነፎቹን ጠርቼ፣ በሽታውን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ ብዬ ገሠጽኳቸው።

ቀጥዬ የማጽዳት ዘመቻ አወጅሁ። ማጽዳት በእኔ ቋንቋ ፎርማት ማድረግ ነው፤ ውስጡ ያለውን ሁሉ ጠርጎ እንደ አዲስ መጀመር። የስንዱ ተራ ሲደርስ፣ ፋይሎቿ አይታዩ እንጂ ዲስኩ አሁንም ሞልቷል እንደሚላት ነገረችኝ። «መምህር፣ ባይኖሩ ኖሮ ባዶ ነኝ አይልም ነበር? ሌላ ሰው እስክናማክር ትቆይልኝ» አለች። መምህር አይደለሁም፤ ሲሉኝ ግን አልከለክልም። ልጅቷ ልክ ነበረች። እኔ ግን ለታመመ ፋይል አይራራም አልኳት። ደግሞ ከኋላዋ ሰልፉ ረጅም ነበር። ፎርማት የሚለውን ተጫንኩት።

በማግስቱ ደብረ ብርሃን ላለ የሙያ ጓደኛዬ ደወልኩ፤ ልማከር እንዳይመስላችሁ፣ ልፎክር ነው። ሰማኝና፣ እነዚያ ፋይሎች እኮ አልጠፉም ነበር አለኝ፤ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው፤ አንድ መስመር ትእዛዝ ብትጽፍ ወጥተው ይታዩህ ነበር። ኮምፒውተሮቹን በምን ፈተሽካቸው? በፍላሽ። ፍላሿን በየትኛው ኮምፒውተር አዘጋጀሃት? በቢሮዬ። የቢሮህንስ ማን ፈተሸው? የቢሮዬን ኮምፒውተር ማንም አልፈተሸውም፤ ፈታሹ እኔው ነኛ። ከተማ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ መዝሙር ያስቀዳሁባት ፍላሽ ደግሞ ያቺው ሐኪሟ ናት። መዝሙር ስለሆነ አመንኩ፤ ዘፈን ቢሆን እጠረጥር ነበር።

ስንዱ ለአማካሪዋ ልታሳይ ያተመቻቸው ሁለት ምዕራፎች ነበሯት። ከእነሱ ተነሥታ፣ የቀረውን የኮምፒውተር ክፍል ቁጭ ብላ ከራሷ እያወጣች ጻፈችው። ድምፁንስ ማን እንደ አዲስ ይናገረው?

ጋሽ አጥናፌ ቅዳሜ መጡ። ያጠናሁት የቴክኒክ ማብራሪያ ነበረኝ፤ አላስፈለገም፤ ልጃቸው ነግራቸዋለች። ቢቆጡ በተሻለኝ። ላፕቶፗን ገልብጠው ወረቀቱን እያሳዩኝ ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ማንበብ ተስኗቸው ይሁን እኔን ሊያስነብቡኝ ፈልገው እስከ ዛሬ አላውቅም። «ንጹሕ ይላል» አልኳቸው። «አልዋሸህም ልጄ፤ እውነትም አጽድተሃታል» አሉኝ። ከዚያ ላፕቶፗን እንደ መጀመሪያው ሊጠቀልሏት በርኖሳቸውን አወለቁ። መልሰው ግን ለበሱት።

ስንዱ ተመረቀች። ጽሑፏን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ከዳኑት ምዕራፎች በአንደኛው አያቷ ሲናገሩ፣ ጓሳ በተዘጋ ጊዜ ጠባቂው ሜዳውን ከመዞሩ በፊት የራሱን ጋጣ ለጎረቤት ከፍቶ ያሳይ ነበር ይላሉ፤ በጎቹ ከቤት መሆናቸው ሳይታይ የሰው በግ መያዝ አይፈቀድለትም። ይህን ጥቅምት ላይ ባነበው ኖሮ! ግን ማን ጠባቂ ያነባል? ወደ መጨረሻው፣ «የጥናቱ ውስንነት» በሚለው ሥር ደግሞ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ «የአያቴ ድምፅ በደኅንነት ፍተሻ ምክንያት ሊገኝ አልቻለም» ትላለች። የፈታሹን ስም አልጻፈችም። ብትጽፈው ምናለበት እያልኩ የማድርባቸው ቀናት አሉ።

ጽሑፉ አሁን በኮሌጁ ኔትወርክ ላይ ተቀምጧል። ማንበብ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ኮምፒውተሩን እኔ ዘንድ ማስፈተሽ አለበት፤ እስካሁን የመጣ የለም።

እናንተም አደራ፣ ከእኔ የሰማችሁትን ለማንም አታድርሱ፤ ቀየት ገበያ ላይማ ጨርሶ እንዳትተነፍሱት። የሽማግሌው ሙት ዓመት ደርሷል፤ ጋሽ አጥናፌ ጠርተውኛል። ለዘመዶቻቸውም «ከኮሌጁ አንድ ንጹሕ ሰው ይመጣል» ብለው ነግረዋል አሉ። ቢያንስ እስከዚያ ቀን ድረስ እንደተለጠፈብኝ ልቆይ።