ገዢ የሚያደንቅበት ገበያ

ትናንት በቀትር፣ ያውም በሰው ሱቅ ወለል ላይ ተጋድሜ፣ ሕልም አየሁ።

አስቀድሜ እዚያ እንዴት እንደተጋደምኩ ልናገር። ባለቤቴ ሙሉእመቤት ካኮረፈችኝ አሥራ ሰባት ቀን ሆኗት ነበር። ስትዳር እናቷ የሰጠቻትን፣ ዙሪያውን ሮማን የተቀረጸበትን የመዳብ ትሪ፣ "ልዋጭ!" እያለ በሰፈራችን ለሚዞር ነጋዴ ሰጥቼ በምትኩ የፕላስቲክ ሳፋ ተቀበልኩ። ጥሩ የነገድኩ መስሎኝ ሳፋውን ራሴው አሳየኋት። ከዚያ ወዲህ ምሳ መቅረቡን የምትነግረው ለግድግዳው ነው። አማቴ ያንን ትሪ የገዛችው በወጣትነቷ በባቡር ወርዳ፣ ምሥራቅ ካለች አንዲት ከተማ፣ ጣሪያ ካለው አሮጌ ገበያ ነበር። እኔም አምሳያውን ፍለጋ ወረድኩ። ጠዋት ፈትሒያ የምትባል ባለሱቅ ዘንድ ቁርጥ እሱን የመሰለ ተሰቅሎ አየሁ። ልቤ ዘለለ፤ ፊቴን ግን አጨፈገግሁ። ገበያ አውቃለሁ፤ የወደድከውን ዕቃ ሻጩ ፊት ካደነቅህ አለቀልህ።

"ይሄ ደግሞ ትሪ ነው? ቆርቆሮ!" አልኳት።

ስንከራከር ቀትር ሆነ። በዚያ በሙቀት አገር ቀትር ላይ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰውም ጋደም ይላል። ፈትሒያ ደግ ሴት ናት፤ ምንጣፍ ዘረጋችልኝ። "እዚሁ ጋደም በል አቦ፤ ዘጠኝ ሰዓት ስንከፍት እንጨርሳለን" አለችኝ።

ዓይኔን ከመክደኔ ገበያው በር ላይ ቆሜ ነበር። ፈታሿ ፍየል ናት። ሌላውን ሰው ኪሱን እየፈተሸች አሳለፈችና እኔን ምላስህን አውጣ አለችኝ።

"ምላሴ ምን ይዟል?"

"ማጣጣል ይዟል። እዚህ ገበያ ዕቃውን የሚያጣጥለው ሻጩ ነው። ገዢ ያደንቃል።"

"እኔ ሳደንቅ ካዩኝማ ይገፉኛል!"

"የማያደንቅ ሰው የሚሸጠው እዚያ ማዶ ነው" አለችና በቀንዷ አሳየችኝ። መደርደሪያው ላይ ሰዎች ተደርድረዋል። ጫማዎች ከፊታቸው እየተመላለሱ ያማርጣሉ። አንድ ቡናማ ጫማ የአንዱን ሰውዬ እግር ለካና፣ "ይሄ ይጠበኛል፤ ሌላ ሰው የላችሁም?" አለ። ሰውዬው አቀረቀረ። እኔም ፈራሁና ምላሴን አራግፌ ገባሁ።

ውስጡን ያየ ሰው ማድነቅን ማን ያስተምረዋል! ቅስቱ በቅስት ላይ እየተደረበ የትየለሌ ይሄዳል። ብርሃኑ ከወለሉ ተነስቶ ወደ ጣሪያው ይፈስሳል። እርዱ፣ ቀረፋው፣ ኮረሪማው በየመደቡ ተቆልሎ፣ ሽታው ሰዉን በክንዱ እየያዘ ወደ መደቡ ይጎትታል። ሐሩ ከጣቃው ራሱን እየተረተረ በአላፊው ትከሻ ላይ ይለካል። አህዮች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፤ ነጋዴዎቹ ጆንያ ተሸክመው ሲያልፉ፣ "ቀስ በል ወንድሜ፣ ወገብህን ትታመማለህ" ይሏቸዋል። እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ገበያ በዕድሜዬ አላየሁም።

አንዲት በርበሬ ሻጭ ገዢዋን ትለምናለች። "ተይው እናቴ፣ ይሄ በርበሬ ሣር ሣር ይላል!"

"ኧረ ምን ነካሽ! ከዚህ ቀይ ከየት ሊመጣ!" ገዢዋ ተቆጣች። "በይ ዋጋ ጨምሪበት!"

"አልጨምርም፤ በቃኝ!"

ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው ገዢዋ አሸነፈችና ብዙ ከፍላ፣ በላዩ ላይ ከራሷ ዘንቢል ሁለት እፍኝ በርበሬ መርቃላት ሄደች። ሻጯ በንዴት ፀጉሯን ነጨች።

ወዲያው ትሪውን አየሁት። መነጽሩን በሻሽ የሚወለውል አንድ ግመል ከኋላው ሰቅሎታል።

"ስንት ነው?" አልኩት።

"ዋጋ ቀርቶብህ ዕቃውን እየው። ጠርዙ ጎብጧል። ሮማኑም ሮማን አይመስልም፣ ሽንኩርት ይመስላል። ይቅርብህ።"

"ጥሩ ትሪ ነው" አልኩ።

በዙሪያው ያለው ሁሉ ሳቀ። "ጥሩማ ለመጥረጊያም ይባላል" አለ ግመሉ። "ሌላ ምን ታውቃለህ?"

"በጣም ጥሩ ነው።"

እንደገና ሳቁ። አላበኝ። ባዶ እጄን ብመለስ ሙሉእመቤት ዕድሜ ልኳን ከግድግዳው ጋር ስታወራ ታየኝ።

"ቶሎ በል!" አለኝ አንድ አህያ። "ጣሪያው ወደ ቤቱ ሊሄድ ነው!" ቀና ስል እውነትም የጣሪያው አንድ ጎን ተነስቶ ጃኬቱን ይለብሳል። እሱ ከሄደ ገበያው ተዘጋ ማለት ነው።

ምን እንደነካኝ አላውቅም።

"ሮማን ነው!" ብዬ ጮህኩ። "አንዱ ተከፍሎ ነው የተቀረጸው፤ ፍሬው ይቆጠራል! የሠራው ሰው እጁ ይባረክ! አማቴ በሎሚና በአመድ ስታሸው ፀሐይ እቤት የገባች ይመስል ነበር። ሙሉእመቤት የተዳረች ቀን ቤቴ ይዛ የገባችው እሱን ነው። ሻሿን የምታስተካክለው በእሱ ውስጥ ፊቷን እያየች ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት እሱ ላይ በላሁ፤ አንድ ቀን ያምራል አላልኩም። እሷንም ታምሪያለሽ ብያት አላውቅም። ታምራለች እኮ! አሁንም ታምራለች!" እዚህ ላይ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

አህዮቹ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ጣሪያው ጃኬቱን አውልቆ ተመልሶ ተቀመጠ። ግመሉ መነጽሩን አንስቶ ዓይኑን ጠረገና፣ "አሁን ገዛኸው" አለኝ። ትሪውን አውርዶ ዘረጋልኝ። እጄን ሰደድኩ።

ነቃሁ።

ፈትሒያ ከፊቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ከጎኗ የጎረቤቱ ልብስ ሰፊና አንዲት ሎሚ ሻጭ ቆመዋል። ሎሚ ሻጯ ዓይኗን ትጠርጋለች። ፈትሒያ ትሪውን ደረቷ ላይ አቅፋዋለች።

"ተኝተህ ስታወራ ነበር" አለችኝ። "ወላሂ ሁሉንም ሰማን።"

አለቀልኝ አልኩ። "በቃ፣ የፈለግሽውን ጥሪ፤ እከፍላለሁ።"

"አልሸጠውም አቦ! ስድስት ዓመት እዚህ ተሰቅሎ ሲኖር አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። ጠዋት ቆርቆሮ ስትለው እውነት መስሎኝ ልሰጥህ ነበር። ለካ አንዱ ሮማን ተከፍሏል! ቤቴ ነው የምወስደው።"

ለመንኳት። ልብስ ሰፊውም ለመነልኝ። ራሷን ነቀነቀች። "ለሚስትህ ግን እነግርልሃለሁ፤ ስልኳን አምጣ" አለች። ደወለችና ድምፁን ከፍ አድርጋ፣ ያልኩትን አንድ ሳታስቀር፣ ልቅሶውንም ጨምራ ነገረቻት። ሁላችንም ጆሯችንን ሰጠን።

ከዚያ የሙሉእመቤት ድምፅ መጣ፤ እኔማ ከናፈቀኝ አሥራ ሰባት ቀን ሆኖታል።

"እሱ ነው እንዲህ ያለው?"

"እሱ ነው፣ ወላሂ!"

"እንግዲያው ይምጣ" አለች።

ልብስ ሰፊው በደስታ ትከሻዬን መታኝ። ፈትሒያ ስልኩን አስጨበጠችኝ።

"ሰማህ?" አለችኝ ሙሉእመቤት፤ ግድግዳውን ሳይሆን እኔን። "ትሪውን ይዘህ ና።"

ዞር ስል ፈትሒያ ትሪውን በሻርፗ ጠቅልላ፣ ብብቷ ሥር አድርጋ፣ ፈጠን ፈጠን እያለች ከገበያው በር እየወጣች ነበር።