ለቅሶ በዶርም

እናንተዬ፣ ብስራተ ገብርኤል ያደገ ሰው ባሕር ማዶ ስለሄደ ለቅሶ ሳይደርስ እንቅልፍ ይወስደዋል? እኔን አልወሰደኝም። ሞባይል ባልነበረበት በዚያ ዘመን፣ በተማሪ ልውውጥ ጀርመን በገባሁ በሳምንቱ፣ የዶርም ጓደኛዬ ፒተር የአያቱን ሞት በስልክ ሰማና መጽሐፉን ገለጠ። ሬሳ ሳይቀበር ንባብ? ከዶርሙ ካፌ ወንበር ተሸክሜ፣ ያገሬን ልጆች አስከትዬ መጣሁና ከበነው በዝምታ ተቀመጥን።

ፒተር ግራ ገባው። «ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«ልናስተዛዝንህ ነዋ!» አልኩት።

«ልተኛ ነበር» አለ።

አንጀተ ደረቅ! ላገኘሁት ሀበሻ ሁሉ ስሙን አጠፋሁት።

ከወራት በኋላ የአክስቴ መርዶ ደረሰኝ። በማግስቱ ፈተና ነበረብኝና ደብተሬ ላይ እንዳቀረቀርኩ፣ ፒተር ከካፌው ወንበር ተሸክሞ ገባና አጠገቤ በዝምታ ቁጭ አለ።

«ምን ፈልገህ ነው?» አልኩት።