የወይዘሮ ሸዋአየሁ ሟቾች

በየሰፈሩ የመጣበትን ሁሉ በሞተ ዘመድ የሚመልስ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው በጋሻ ይመክታል፣ እሱ በሐዘን። የቂርቆሷ ክብርት ወይዘሮ ሸዋአየሁ የዚህ ሠራዊት የበላይ አዛዥ ነበሩ።

ወንፊት ልትዋሱ ብትሄዱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ብቅ ይላሉ። «አዬ ልጄ! የቡልጋው አጎቴ አረፉ እኮ። ሐዘን ላይ ነኝ።» እኒህ አጎት ለወንፊት ሞቱ፣ ለሙቀጫ ሞቱ፣ የማኅበር ጠላ መጥመቅ ተራ ሲደርስ ደግሞ ከነባለቤታቸው ሞቱ። ጎረቤታችን ጀሚላ አንድ ቀን «እትዬ፣ ሰውዬው አምናስ ሞተው አልነበር?» ብትላቸው፣ «ያኔማ ሲያጣጥሩ ነው!» አሏት።

ጣሊያን ካዛንቺስ ላይ ቤቶቹን በሚሠራበት ዓመት፣ ባሌ ገበያው ለአርበኞች ጥይት ያቀብላል ተብሎ ተጠቆመበት። የሰፈራችን ልጅ የነበረው ባንዳው መዝገቡ፣ አንድ ነጭ ወታደር አስከትሎ መጣ። ገበያው ጎተራ ውስጥ ዘሎ ገባ። እኔ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

ወይዘሮ ሸዋአየሁ በአጥሩ ቀዳዳ አይተው ኖሮ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መዝገቡን ቀድመው ደረሱ።

«ወይኔ ገበያው! ጅማ መንገድ ላይ ወባ ጨረሰው! መርዶው አሁን ገባ!»

ጎረቤት ሁሉ እውነት መስሎት ግቢውን በዋይታ ሞላው። ጀሚላማ ደረቷን ስትደቃ እኔም ሆዴ ባባ።

«ገበያው የታለ?» አለ መዝገቡ።

«አንተ! መርዶ ቤት ጠመንጃ ይዘህ? ማን አሳደገህ?»

መርዶ የገባበትን ቤት እንዴት ይፈትሽ? ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ተቀመጠና ያለቅስ ጀመር። ነጩም ግራ ገብቶት ባርኔጣውን አወለቀ። ጎተራው ውስጥ ማስነጠስ ቢሰማ፣ ወይዘሮዋ በሙሾ ዋጡት። «ሚስቱን ክፉ ቃል ተናግሮ የማያውቀው!» ሲሉ ግን፣ ገበያውን የሚያውቅ ሁሉ ይነቃብናል ብዬ ፈራሁ።

መዝገቡ «እግዜር ያጥናሽ» ብሎኝ ዓይኑን እየጠረገ ወጣ።

ሲመሽ ገበያው ወደ ቡልጋ ሸሸ። የደበቁት እኒያ ሟቹ አጎት ናቸው፤ ሙክት አርደው ተቀበሉት አሉ።

በሳምንቱ ሙቀጫ ልዋስ ሄድኩ። አጎትየው እንደገና አርፈዋል። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ከወይዘሮዋ ጎን ተቀምጬ ለሟቹ አለቀስኩላቸው፤ ባሌን በደህና የሚያኖሩልኝ ሰው ናቸውና።