ጋቢ የለበሰው ዋይፋይ

በነፋስ የሚሰስት ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ እዚሁ ደባርቅ፣ ከግድግዳዬ ማዶ ይኖራል።

ጎረቤቴ አንዳርጌ ለልጁ ላፕቶፕ ገዝቶ ዋይፋይ አስገባ። ከዚያ፣ እኔ የራሴ ዋይፋይ እያለኝ፣ ኔትወርኩ በግድግዳው አልፎ ወደኔ እንዳይሾልክ ብሎ፣ በዚህ አጥንት ሰርስሮ በሚገባ ብርድ ጋቢውን አውልቆ ማሰራጫውን ጠቀለለበት። እርሾና እሳት ስንዋዋስ የኖርን ሰዎች እኮ ነን! እሱ ይንቀጠቀጣል፣ ማሰራጫው ይሞቀዋል።

ብዙም አልቆየም፤ ማሰራጫው እዚያው ጋቢው ውስጥ ታፍኖ ተቃጠለ።

የልጁ የዩኒቨርሲቲ ምዝገባ የሚዘጋ ዕለት አንዳርጌ ላፕቶፑን ታቅፎ በሬን አንኳኳ። ምን ልበል? ልጁ ምን አጠፋ? አስገባሁት፤ በኔ ዋይፋይ ተመዘገበለት።

ሊወጣ ሲል የኔን ማሰራጫ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ምነው ወንድሜ፣ እንዲህ ራቁቱን ታስቀምጠዋለህ? ሸፍነው እንጂ! የዛሬ ጎረቤት ይታመናል?»