የገለባ አመድና የቀበሌው ሽንት ቤት

መጽሔት የሚያነብ ባል ከሚጠጣ ባል ይብሳል! የጠጣው ሲነጋ ይበርድለታል፤ ያነበበው ግን ሲነጋ ሊሞክረው ይነሳል...

ዘመኑ ደርግ ነው። የምንኖረው ከእንጦጦ ግርጌ፣ የካ። የሽንት ቤታችን ወለል ተደርምሷል፣ የልጃችን ክርስትና ደግሞ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የሴት ልጅ ሰማንያ ቀን እንደሆነ "ትንሽ ቆይ" አይባልም። አማቴም ከሰንዳፋ ይመጣሉ።

"እናቴን ባሕር ዛፍ ሥር ልታስቀምጣት ነው?" አለች ባለቤቴ ጽጌ።

ሲሚንቶ የሚገኘው በቀበሌ ወረቀት ነው። ወር ሙሉ ደጅ ጠንቼ የተፈቀደልኝ አንድ ከረጢት፣ ለወለሉ አይበቃም። ታዲያ ምን አነበብኩ መሰላችሁ? የስንዴ ገለባ በደንብ ተቃጥሎ አመዱ ከተነፋ ከሲሚንቶው የተወሰነውን ይተካል! ከእንጦጦ ገበሬ ገለባ በአህያ አስጭኜ ግቢዬ ውስጥ ለኮስኩት።

"አመድ በዱቄት ይስቃል ሲባል ሰምቻለሁ" አለች ጽጌ። "ደግሞ በሲሚንቶ ሊስቅ ነው?"

ጭሱ ሳይበርድ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠብመንጃ አንግበው ገቡ።

"ምንድን ነው የምታቃጥለው?"

"ገለባ።"

"ለምን?"

"ሲሚንቶ ላደርገው።"

ተያዩ። ያኔ፣ አንባቢዬ፣ ግቢው ውስጥ ጭስ ያስነሳ ሰው የሚያቃጥለው የተከለከለ ወረቀት ነው። አመዴ ቡን አለ! እውነተኛውን አመድ ደግሞ በጆንያ አሸክመው ቀበሌ ወሰዱኝ።

ሊቀመንበሩ አመዱን በጣታቸው ነካ አድርገው አሸተቱት።

"አመድ ሲሚንቶ ሆኖ ያውቃል?"

"አራት እጅ ሲሚንቶ፣ አንድ እጅ አመድ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። መጽሔት ላይ..."

"ሠርተህ አሳየን! የቀበሌው ሽንት ቤት ወለሉ ፈርሷል። ከያዘ ትለቀቃለህ። ካልያዘ ግን ያቃጠልከው ወረቀት ነው!"

"በማን ሲሚንቶ?"

"በራስህ ነዋ!"

ሲሚንቶዬ ከቤት መጣ። አቡክቼ አፈሰስኩት። አዳሬ እዚያው ቀበሌ ሆኖ ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣሁት። ልጄን ሳላስጠምቅ ልቀር ነው ብዬ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፈራሁ። "እንዳይሰነጠቅ አደራሽን!" እያልኩ ለእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጧፍ ተሳልኩ። ለአርማታ የተሳለ ክርስቲያን ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

በስምንተኛው ቀን ሊቀመንበሩ በቦቲ ጫማቸው ወጥተው ዘለሉበት። አንዴ... ሁለቴ... ወለሉ ፍንክች አላለም!

"ለካ ያቃጠልከው እውነትም ገለባ ነው!" አሉና ለቀቁኝ።

"ሲሚንቶዬስ?"

"ይኸው ቆመንበት የለ!"

ክርስትናው ደረሰ። የእኛ ሽንት ቤት እንደተደረመሰ ነው። ጽጌ እናቷን እጃቸውን ይዛ ወደ ቀበሌው ሽንት ቤት ወሰደቻቸው። አማቴ ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል።

"ወለሉ አለት ነው እኮ! ልጄ፣ አንተስ ከቀበሌዎቹ ብትማር ምን አለበት?"

ጽጌ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ እጄን አየሁት፤ ጥፍሬ ሥር ያለው አመድ ገና አልለቀቀም ነበር።