ጋይስ፣ ለልኬት ኑ

(የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል። አንጋፋዋ አጣቢ እትዬ ብብቱ የተቀደደ የሥራ ልብሷን ትጥፋለች። ባልደረቦቹ «ሊቁ» የሚሉት ልብስ ተኳሽ አንሶላ ይተኩሳል።)

ሊቁ፦ እንግዲህ ቡትቶሽን ስትጥፊ ክረሚ። አለቃችን «ጋይስ፣ ቅዳሜ ለአዲሱ የሥራ ልብስ ልኬት ኑ» ብላ ለሁላችንም በስልክ ጽፋ ነበር። ምን ሆነሽ ቀረሽ?

እትዬ፦ ልጄን ጠየቅኋታ። «ጋይስ ማለት ወንዶች ነው» አለችኝ። ወንድ በሚለካበት ቦታ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?

ሊቁ፦ ልጅሽ ያነበበችው ያረጀ መዝገበ ቃላት ነው። ዛሬ እንግሊዝኛው ተሻሽሏል። ጋይስ ወንድም ሴትም ነው።

እትዬ፦ እሺ፣ አንዲት ሴት ብቻዋን ብትመጣ «ጋይ መጣች» ይባላል?

ሊቁ፦ (ካውያውን ያስቀምጣል) ብቻዋን ከሆነች እንኳ አይባልም።

እትዬ፦ ሁለት ከሆኑስ?

ሊቁ፦ ያኔ ጋይስ ይባላሉ።

እትዬ፦ ከሁለቱ አንዷ ወደ ቤቷ ብትሄድስ?

ሊቁ፦ የቀረችው ተመልሳ ሴት ትሆናለች።

እትዬ፦ ወይ ጣጣ። በኛ «ኑ» ከተባለ ወንዱም ሴቱም ይመጣል። «ኑ» ብላ ብትተወው ምን ነበረበት?

ሊቁ፦ ላልተማረ ይከብዳል። እኔማ ስለገባኝ ማልጄ ሄድኩ። አሥራ አንድ ሴቶች ተሰልፈዋል፤ ወንድ እኔ ብቻ ነኝ።

እትዬ፦ ሌሎቹ ወንዶችስ?

ሊቁ፦ እንዳንቺው ናቸው፤ ቃሉ አልገባቸውም። ልብስ ሰፊዋ ራሷ «ላንተ ነው?» እያለች ሦስቴ ጠየቀችኝ። «ለኔ ነው እንጂ ለማን ነው» አልኳት።

እትዬ፦ ከዚያስ?

ሊቁ፦ ከጉልበት በላይ ይሁን ወይስ በታች አለችኝ። ያው ጋዋን ነው ብዬ፣ ብርድም ስለማልወድ፣ እስከ ባቴ አውርጂው አልኳት። ወገቡን ላጥብበው ስትለኝ ደግሞ በቦርጬ ያሾፈች መስሎኝ «እንዳሻሽ» አልኳት። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ።

እትዬ፦ ምን አሳቃቸው?

ሊቁ፦ ደስታ ነዋ። አዲስ ልብስ ሊለብስ ነው የተባለ ሰው አይስቅም?

(በሩ ይንኳኳል። እትዬ ወጥታ የሱ ስም የተጻፈበት ጥቅል ይዛለት ትመለሳለች።)

ሊቁ፦ (እየፈታ) አየሽ፣ ያወቀ ይለብሳል፣ ያላወቀ ይጥፋል። (ዘርግቶ ቀና ያደርገዋል። ወገቡ የተሰበሰበ፣ አንገቱ ዙሪያ ነጭ ጥልፍ ያለው ሰማያዊ ቀሚስ ነው።)

እትዬ፦ ወረቀት ወደቀብህ። (አንስታ ታነባለች) «ለሴት ሠራተኞቻችን፣ ከአለቃችሁ።»

ሊቁ፦ ሴቶቹን ብቻ ነው እንዴ ጋይስ ያለችው?

እትዬ፦ ለሴትም ይባላል ስትለኝ አልነበር? አሁን ገና አመንኩህ።

ሊቁ፦ (ጉሮሮውን ይጠርጋል) እኔማ ልቤ ያውቅ ነበር። እንደምትቀሪ ገምቼ፣ ባንቺ ፈንታ ልለካልሽ ብዬ ነው የሄድኩት።

እትዬ፦ (ቀሚሱን ደረቷ ላይ ለክታ) ቁመቱ ልኬ ነው። ወገቡ ብቻ ሰፍቷል።

ሊቁ፦ እትዬ፣ ይሄ ነገር ከዚህ በር እንዳይወጣ አደራ። ደግሞም ስለ ቃሉ የነገርኩሽ ልክ ነው። ጾታ የለውም።

እትዬ፦ ይሁንልህ ወንድሜ፣ ቃሉ ጾታ አይኑረው። ቀሚሱ ግን አለው። በል ዙር፣ ልቀይር ነው።